ጎመን በጤና

«ጎመን በጤና» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ስንሰማ ብዙዎቻችን ጤናውን እንጂ ጎመኑን አናስብም። ጎመን በየጓሮው የሚገኝ፥ እንግዳ ሲመጣ ከሌማቱ ገለል የሚደረግ ምግብ ነው እያልን እንንቀዋለን። ነገር ግን ውድ አንባቢ፥ አንድ እስር ጎመን ዛሬ በገበያ ስንት እንደሚሸጥ የቤትዎን እመቤት ቢጠይቁ፥ ወይም እመቤቲቱ እርስዎ ራስዎ ከሆኑ የትናንቱን ወጪ ቢያስታውሱ፥ ተረቱን የተናገረው ሰው ጎመኑንም ጤናውንም አክብሮ እንደ ተናገረ ይገባዎታል።

ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ስለዚሁ ስለ ጎመንና ስለ ጓደኞቹ ነው፤ ይኸውም በቤታችን ጓሮ አትክልትን ከዘር አንሥቶ ስለ ማብቀል ነው። እኔ የእርሻ ሊቅ አይደለሁም። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በመዝገብና በሒሳብ ሥራ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ከቤቴ በስተ ኋላ ያለችው፥ ርዝመቷ 8 ሜትር ወርዷም 5 ሜትር የሆነች መሬት አለቃዬ ሆናለች። በየማለዳው ትጠራኛለች፤ ሥራዬንም ትቆጣጠራለች፤ ደመወዜንም በቅጠል ትከፍለኛለች።

ከሁሉ አስቀድመን ስለ ጊዜው እንነጋገር። ፀደይ ሲባል ብዙ ሰው መስከረምንና አደይ አበባን ያስባል። የዘመን አቆጣጠር ሊቃውንት ዓመቱን የሚከፍሉት ግን እንዲህ ነው፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፥ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ፀደይ ይባላል። እንግዲህ በአባቶች ቍጥር ከሄድን፥ ፀደይ የሚገባው ሜዳው ሁሉ በአበባ ሲሸፈን ሳይሆን የበልግ ዝናም መሬቱን ሲነካና ዘር ከተቀመጠበት ሲወጣ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፥ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ይበርዳል፤ በረባዳ ቦታም ውርጭ ይወርድና ለጋውን ችግኝ ያጠወልጋል። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ግን አፈሩ ይሞቃል፤ ዘር ቶሎ ይነቃል። ችግኙም ሥር ሰዶ ሲጠና ሰኔ ይደርስና ክረምቱ ይረከበዋል። የፀደይን መግቢያ የምወድደው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በልግ ቃሉን የማይጠብቅ ወዳጅ ነው፤ አንዱን ዓመት በየካቲት ይመጣል፥ ሌላውን ዓመት እስከ ሚያዝያ ያዘገያል፥ አንዳንድ ዓመትም ጨርሶ ይቀራል። ስለዚህ ዘሪው ከደመናው ይልቅ በበርሜሉ ይተማመን። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ምክር አዲስ አይሆንም።

መሬቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባል። የከተማችን አፈር ሁለት መልክ አለው፤ ወደ እንጦጦ ወገን ቀይ አፈር ይበዛል፤ ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ ወገን ደግሞ ጥቍር ዋልካ ይበዛል። ቀዩ ውሃ ያሳልፋል፤ ዋልካው ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፥ ሲርስ ይጨቀያል፥ ውሃም ይቋጥራል። በዋልካ ላይ የሚዘራ ሰው መደቡን ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢያደርገው የአትክልቱ ሥር ከመታፈን ይድናል። የመደቡ ወርድ ከ1 ሜትር አይብለጥ። እንዲህ ከሆነ ከግራም ከቀኝም እጅን ዘርግቶ መካከሉ ላይ መድረስ ስለሚቻል፥ የተኮተኮተው አፈር በእግር አይረገጥም። አፈር አንዴ ከተረገጠ አየሩ ይወጣና ይጠጥራል፤ ለጋ ሥርም ጠጣሩን መብሳት ያቅተዋል።

ስለ ማዳበሪያም አንድ ነገር ልናገር። ትኵስ እበት ወይም የዶሮ ኵስ በቀጥታ ከተጨመረበት ችግኙን ያቃጥለዋል። እኔ በጓሮዬ ጥግ የድንች ልጣጭ፥ የጎመን ግንድ፥ የቡና አተላ፥ ደረቅ ቅጠልና እበት እየደራረብሁ፥ በየሦስት ሳምንቱም እያገላበጥሁ ለጥቂት ወራት አቆየዋለሁ። ሲበስል ይጠቍራል፥ ይፈረፈራል፥ ሽታውም ዝናም የነካው የጫካ አፈር ሽታ ይሆናል። አፍንጫ የሚያስይዝ ከሆነ ግን ገና አልበሰለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዘሩ እንምጣ። አትክልት ሁለት ወገን ነው፤ አንዱ ወገን በተዘራበት ቦታ እስከ መጨረሻው ይኖራል፤ ሁለተኛው ወገን በችግኝ መደብ አድጎ ወደ ሌላ መደብ ይዛወራል። ካሮት ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ነቅለው ቢተክሉት ሥሩ ስለሚጎዳ እንደ ሱሪ ሁለት እግር አውጥቶ ይቀራል። ጎመን፥ ሰላጣ፥ ጥቅል ጎመን፥ ቲማቲምና ቃሪያ ግን በችግኝ መደብ ቢጀምሩ ይወድዳሉ።

የዘሩ ጥልቀት የራሱን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያህል ይሁን። ባቄላ የጣት አንጓ ያህል ቢቀበር ገፍቶ ይወጣል፤ የሰላጣ ዘር ግን ያን ያህል ቢቀበር እዚያው ይቀራል። እንዲያውም የሰላጣ ዘር ለመንቃት ብርሃን ስለሚወድ፥ አፈሩን በላዩ እንደ ጨው ነስነስ ማድረግ ይበቃዋል። በ1 ግራም ውስጥ 800 ያህል የሰላጣ ዘር ስለሚገኝ፥ በእፍኝ የሚበትነው ሰው መደቡን እንደ ሰርግ ቤት ያጨናንቀዋል። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ በትልሙ ውስጥ ማንጠባጠብ ይሻላል።

ከተዘራ በኋላ ጥቂት ደረቅ ሣር ጐዝጕዞ፥ በላዩ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ማጠጫ ቆርቆሮ የሌለው ሰው የሃይላንዱን ክዳን በምስማር በስቶ ቢያጠጣበት እንደ ካፊያ ይወርድለታል፤ በባልዲ ከደፋ ግን ዘሩ ሁሉ ታጥቦ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ጎመንና ሰላጣ ከ4 እስከ 7 ቀን፥ ቲማቲም እስከ 10 ቀን፥ ቃሪያ እስከ ሁለት ሳምንት፥ ካሮት ደግሞ እስከ ሦስት ሳምንት ያስጠብቃሉ። የመጀመሪያው አረንጓዴ ብቅ ሲል ሣሩን በማታ ያንሡት፤ በቀትር ቢያነሡት ፀሐዩ ያጠወልገዋል። ማጠጣቱ በማለዳ ይሁን። ተጨናንቆ የበቀለና አፈሩ ሁልጊዜ ጭቃ የሆነ ችግኝ አንገቱ ከመሬቱ ጋር በተገናኘበት ቦታ ይበሰብስና በአንድ ሌሊት ይወድቃል። ለዚህ በሽታ ፍቱን መድኀኒቱ ማሳሳትና ውሃውን መመጠን ነው። በማሳሳት ጊዜ የሚነቀለውን ለጋ ችግኝ እያዩ ማዘን ይመጣል፤ ነገር ግን ሁሉን ለማኖር የሞከረ አንዱንም አያሳድግም።

እስከዚህ ድረስ የነገርሁዎትን የግብርና ባለሙያ ከእኔ አሻሽሎ ሊነግርዎ ይችላል። አሁን የማወጋዎት ግን የቤቴን ጉዳይ ነው።

የተወለድሁት በጎጃም ነው። እናቴ ከቤቷ በስተ ኋላ፥ አመድ በሚደፋበት ቦታ፥ ከእናቷ የወረሰችውን ጎመን በየዓመቱ ትዘራ ነበር። ቅጠሉ ሰፊ፥ አንገቱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፥ ሲቀቀል ቶሎ የሚበስልና የማይመርር ጎመን ነው። በክረምቱ መካከል ጎተራው ሲጎድል፥ እኛን ሰባቱን ልጆቿን ወደ መስከረም ያሻገረን እርሱ ነበር። ከዘሩም ጥቂቱን ወቅጣ ምጣዷን ታስስበት ነበር። ለዘር የለየችውን ግን በጨርቅ ቋጥራ ከምድጃው በላይ፥ ጢስ በሚያገኘው ቦታ፥ ታንጠለጥለዋለች። ያን ቋጠሮ ከእርሷ በቀር የሚነካው አልነበረም፤ ረኀብ በበረታበት ዓመት እንኳ አልተፈታም።

እናቴ በ2014 ዓ.ም. ዐረፈች። ታላቅ እኅቴ ያን ቋጠሮ ለእኔ ሰጠችኝ። ዘሩ የተሰበሰበው በ2010 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚያ በኋላ እናቴ ጉልበቷ ስለ ደከመ አልዘራችም። በመንደሩም ቤት ለቤት አስጠየቅን፤ ሁሉም ከገበያ የሚገዛውን ዘር ይዟል። ያ ጎመን በእኛ ቋጠሮ ውስጥ ካለው በቀር በሌላ ቤት አልተገኘም። ስለዚህ ጡረታ ወጥቼ በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ቋጠሮውን ስፈታ፥ እጄ ላይ የፈሰሰው አንድ እፍኝ የማይሞላ ጥቍር ቡናማ ዘር የአያቴም የእናቴም ድካም መጨረሻ ነበር።

ዘር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ይተነፍሳል፥ ያረጃል፥ ይሞታል። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ አይታመንም። የጎመን ወገን በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ 4 ወይም 5 ዓመት ይቆያል። የእናቴ ዘር ግን 6 ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ 20 ፍሬ ቆጥሬ በረጠበ ጨርቅ ላይ ደረደርሁና ጠቅልዬ በሳሕን ላይ አኖርሁት፤ ጨርቁም እንዳይደርቅ ጧትና ማታ ውሃ አርከፈከፍሁበት። ይህን ዘዴ እርስዎም ከሱቅ ለገዙት ዘር ቢያደርጉት፥ ድካምዎ በከንቱ እንዳይቀር ይረዳዎታል። ጤነኛ የጎመን ዘር በአራተኛው ቀን ሥሩን ያሳያል። እኔ በአራተኛው ቀን ገልጬ ባይ ምንም የለም። ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አየችና «ነፍስ ይማር» አለች፤ ስለ ጎመኑ ይሁን ስለ እናቴ አልጠየቅኋትም።

በስድስተኛው ቀን 3 ፍሬዎች ነጭ ሥር አወጡ። ከ20 ሦስት ማለት ከመቶ 15 ማለት ነው። በሒሳብ ሰውነቴ ብመለከተው ኪሳራ ነው፤ ነገር ግን ከምንም ይሻላል። ቀጥሎ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ሁሉንም ብዘራው ትል ወይም በረዶ አንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል፤ ባቆየው ደግሞ በሚመጣው ዓመት ሦስቱም ላይነቁ ይችላሉ። ስለዚህ ግማሹን ዘራሁ፤ ግማሹን ወደ ጨርቁ መልሼ ቋጠርሁ።

ውድ አንባቢ፥ ለአንድ እፍኝ የጎመን ዘር ይህን ያህል መጨነቅ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎ ከታየዎት፥ ከእኔ የባሱ ሰዎች እንደ ነበሩ ልንገርዎ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል የሩስያ የዕፀዋት ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ፥ ከበቅሎ ጓዝ ጋር እየተጓዘ የስንዴ፥ የገብስና የሌላም እህል ዘር ሰብስቦ ነበር። ኢትዮጵያንም የዓለም ሰብሎች ከተገኙባቸው ማእከሎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። ይህ ሊቅ በስታሊን ዘመን ታስሮ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት ሞተ። በዚያው ጦርነት ሌኒንግራድ በጀርመን ሠራዊት ተከባ ሕዝቧ በረኀብ ሲያልቅ፥ የእርሱን የዘር ክምችት ይጠብቁ ከነበሩት ባልደረቦቹ አንዳንዶቹ እህል በተሞላ ቤት ውስጥ ተቀምጠው በረኀብ ሞቱ፤ ዘሩን ግን አልበሉትም። እናቴ የሊቁን ስም ሰምታ አታውቅም፤ ሥራቸው ግን አንድ ነበር።

በአገራችንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ያገር ዘር የሚጠበቅበት ማእከል በአዲስ አበባ ተቋቁሟል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ያበሻ ጎመንም ሊጠበቅ የሚገባው የእኛው ልጅ ነው። ሊቃውንት «ብራሲካ ካሪናታ» ይሉታል፤ የሰናፍጭ ወገንና የጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅለው የተገኘ፥ በኢትዮጵያ ደጋ የተለመደ ተክል ነው። ይሁን እንጂ መንግሥት በብርድ ክፍል የሚያኖረው ዘር፥ ሰው በየጓሮው የሚዘራውን አይተካም። ዘር በየዓመቱ አፈርና ዝናም ሲያይ ነው ከዘመኑ ጋር የሚለማመደው።

ወደ መደቤ ልመለስ። ከዘራሁት 43 ችግኝ ወጣ። በሁለት ሌሊት ቆራጭ ትል 12ቱን እንደ መቀስ ከሥራቸው ቈረጣቸው። ይህ ትል ቀን አፈር ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሌሊት ይወጣል። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ማታ ማታ ባትሪ ይዘን እየለቀምን፥ ለቀሩትም ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተቈረጠ ቀለበት በየአንገታቸው አጠለቅንላቸው። አራት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጡ፥ ግንቦት አጋማሽ ላይ፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተከልናቸው። ለመትከል ሳምንት ሲቀረው ውሃውን ቀነስሁባቸው፤ ችግኝም እንደ ልጅ ነው፥ ከመዛወሩ በፊት ጥቂት ቢቸገር አዲሱን ቦታ ይችለዋል።

በዚያው ፀደይ ቲማቲም የዘሩ ጎረቤቶች ነበሩ። ከዚህ ላይ ላስጠንቅቅዎ፤ ቲማቲም በብርድና በእርጥበት ጊዜ ቅጠሉን እያጠቈረ የሚያደርቅ በሽታ አለበት፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ያን ታላቅ ረኀብ ያመጣው ይኸው በሽታ ነው። በአዲስ አበባ ክረምት ቲማቲም የሚፈልግ ሰው የፕላስቲክ ጣራ ይሥራለት፤ አለዚያ ዝናሙ እስኪያባራ ይታገሥ።

ጎመኑ በሰኔ ለምጣድ ደረሰ። ነገር ግን ከ31ዱ ሥር ስምንቱን፥ አንገታቸው ሐምራዊ፥ ቅጠላቸውም ሰፊ የሆኑትን መርጬ በክር ምልክት አሰርሁባቸውና ቅጠላቸው እንዳይነካ ከለከልሁ። በጥቅምት ቢጫ አበባ አወጡ። ያበሻ ጎመን በአብዛኛው በራሱ አበባ ይራባል፤ ሆኖም ንብ ከሌላ ጎመን የአበባ ዱቄት ልታመጣበት ትችላለች። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የጎረቤታችን የገበያ ጎመን አብሮ አበባ ሊያወጣ ተነሥቷል። እያፈርሁ ሄጄ አበባውን እንድትቈርጥልኝ ለመንኋት።

«ጋሼ፥ ጎመኔን ለቅመው ቢወስዱ ይሻለኝ ነበር። አበባሽን ቍረጪ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም» ብላ ሳቀች። የእናቴን ነገር ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «የእኔም እናት እንዲህ ያለ ጎመን ነበራት። ዘሩን ማን እንደ ያዘው አናውቅም» አለችኝ። ከዚያም ቢላዋ ከማድቤት አምጥታ አበባውን በገዛ እጇ ቈረጠችው።

ታኅሣሥ ሲያልቅ፥ ቆባው ሲደርቅና ሲነካ ሲንኮሻኮሽ፥ ስምንቱን ሥር አጭጄ በአንሶላ ላይ ወቃሁ። ሁለት የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ዘር ሆነ። በጥላ አድርቄ እንደ ቀድሞው 20 ፍሬ በረጠበ ጨርቅ ላይ ብደረድር 19ኙ ነቁ። ለስድስቱ ወንድሞቼና እኅቶቼ አንዳንድ ቋጠሮ ላክሁ፤ አንዱን ለጎረቤታችን ሰጠኋት፤ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ። አሁን ያ ጎመን በስምንት ቤት አለ። በአንዱ ቤት ዶሮ ቢጭረው፥ በሌላው በረዶ ቢመታው፥ ከቀሩት መለመን ይቻላል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፥ ነገሬን ላጠቃልል። ጓሮ ካለዎት ከ1 ካሬ ሜትር ይጀምሩ፤ ሰፊ መሬት ቆፍሮ ለአረም ከመተው ትንሹን በእንክብካቤ መያዝ ይበልጣል። ጓሮ ከሌለዎትም በሰገነት ላይ ያለ አሮጌ ባልዲ፥ ታቹ ተበስቶ ውሃ እንዲያሳልፍ ከተደረገ፥ ሰላጣና ቆስጣ ያበቅላል። ዘሩን ከሱቅ ሲገዙ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ዓመት ይመልከቱ። ከሁሉም በላይ ግን እናትዎ ወይም አያትዎ በሕይወት ካሉ፥ «በልጅነቴ የበላሁት ጎመን፥ ያ ዱባ፥ ያ ባቄላ ዘሩ የት አለ?» ብለው ዛሬውኑ ይጠይቋቸው። የጠየቋቸው ሰው ስለሌለ ብቻ ዝም ብለው የተቀመጡ ብዙ ቋጠሮዎች አሉ።

ቋጠሮውን ካገኙ በደረቅ ጠርሙስ ያኑሩት፤ የዘሩን ስም፥ የመጣበትን አገርና የተሰበሰበበትን ዓመተ ምሕረት ጽፈው አብረው ያስገቡ። መጋቢት 26 ቀን ፀደይ ሲገባ ግማሹን ይዝሩ።